ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ

የዛሬው ዝግጅት ባለመኪናውንም መካኒኩንም ስለሚያደናግር አንድ ብልሽት ነው።

ጠዋት ቁልፉ ገና ሲነካ ሞተሩ ይነሳል። ባለቤቱ ሥራ ቦታው ደርሶ መኪናውን ፀሐይ ላይ ያቆማል። በምሳ ሰዓት ሲመለስ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ቤንዚንም አለ፤ ሞተሩ ግን አልነሳ ይላል። በሮች ይከፈታሉ፣ ኮፈን ይነሳል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምክር ይሰጣል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዱ "እስቲ አሁን ሞክረው" ሲል መኪናው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጋራዥ ሲደርስም ያው ጤነኛ ነው። መካኒኩ ካንዴላ ይቀይራል፣ የቤንዚን ማጣሪያ ይቀይራል፣ ቀጥሎ ፓምፑን ይጠረጥራል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ብልሽቱ ግን ፀሐዩ በበረታ ቀን ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩ ሆንዳ አኮርድና ሲቪክ መኪኖች ያሏቸው ሰዎች በየአገሩ ይህን ታሪክ በደንብ ያውቁታል። በነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከዳሽቦርዱ ሥር የተሸሸገ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ፕላስቲክ ሳጥን ነው። ዋና ሪሌ ይባላል። ውስጡ ሁለት ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚበሩና የሚጠፉ ማብሪያዎች፣ አንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ተበይደው ተቀምጠዋል። አንዱ ለሞተሩ ኮምፒውተርና ለኢንጄክተሮቹ፣ ሌላው ለነዳጅ ፓምፑ ከረንት ያሳልፋል። የሪሌዎቹ እግሮች ቦርዱን በስተው የሚወጡበት ቦታ ላይ ያለው የብየዳ ሊድ በዓመታት ውስጥ ይሰነጠቃል። መኪናው ሲቀዘቅዝ የተሰነጠቀው ይገጥማል፤ ዳሽቦርዱ ፀሐይ ላይ ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ይከፈትና ፓምፑ ከረንት ያጣል።

መመርመሪያው ቀላል ነው፤ መሣሪያ እንኳ አይጠይቅም። ቁልፉ ሞተር ሳይነሳ "ኦን" ላይ ሲደረግ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ከሁለት ሰከንድ ገደማ በኋላ ይጠፋል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላ ወንበር ሥር የፓምፑ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ይሰማል። መኪናው አልነሳ ባለበት ሰዓት ይህ ድምፅ ከሌለ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከተመለሰ፣ ፓምፑን ከመግዛት በፊት ሪሌውን ፈቶ ማየት ነው።

ሪሌ ቀላል ዕቃ ነው። ያው ስንጥቅ በዋናው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገኝ ነገሩ ይከብዳል።

ለዚህ ትልቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ የተሸጡ 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ፣ 1.8 ሊትር ሞተር ያላቸው ናቸው። ምክንያቱ የሞተሩ ኮምፒውተር ቦርድ ነበር፤ በአንዳንድ የብየዳ ነጥቦች ላይ፣ ወይም ቦርዱን ከከፍተኛ ቮልቴጅ በሚጠብቁት ቫሪስተር የተባሉ ዕቃዎች ላይ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል ተባለ። ያ ሲሆን የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ ማርሽ ሲለወጥ ይመታል፣ ወይም ሞተሩ አይነሳም፤ አልፎ አልፎ ደግሞ መኪናው በመንገድ ላይ እየሄደ ይጠፋል። ኩባንያው ችግር የተገኘባቸውን ኮምፒውተሮች በነፃ ቀየረ። ኮሮላ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የተሸጠ፣ "አያስቸግርም" ተብሎ የሚመሰገን መኪና ነው፤ የእሱ ቦርድ ከተሰነጠቀ የማንኛውም መኪና ቦርድ ሊሰነጠቅ ይችላል ማለት ነው።

ኤሌክትሮኒክስ በመኪና ሞተር ላይ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ለፎልክስቫገን 1600 በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የነዳጅ መርጫ አቅርቦ ነበር። በ1979 ደግሞ የነዳጁንም የእሳቱንም ሥራ በአንድ ዲጂታል ኮምፒውተር የሚመራው ሞትሮኒክ በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣ በኮምፒውተር የሚመራ መኪና ሁሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብየዳ ነጥቦችን ተሸክሞ ይሄዳል። ሰው "ኮምፒውተሩ ተቃጠለ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በውስጡ ያለው ዋናው ቺፕ ነው። ቺፑ ግን ከሁሉም ይልቅ ጠንካራው ነው፤ መጠርጠር ያለበትም መጨረሻ ላይ ነው።

ታዲያ ብየዳው ለምን ይሰነጠቃል? ነገሩ የሚጀምረው ከሊዱ ባሕርይ ነው። በአሮጌ ቦርዶች ላይ ያለው ሊድ በአብዛኛው 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ሆኖ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ሙቀት ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ፣ ተነሥቶ ሲቆጠር፣ ሊድ በተራ የክፍል ሙቀት እንኳ ወደ ማቅለጫው መንገድ 65 በመቶ ያህሉን ሄዷል። ብረት በዚያው ስሌት 65 በመቶ ላይ የሚደርሰው በ900 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይኸውም ቀጥቃጭ ከምድጃው አውጥቶ እንደ ልቡ የሚያጣምመው የጋለ ብረት ነው። እንግዲህ የመኪናው ቦርድ ላይ ያለው ሊድ ለዐይን ጠጣር ይምሰል እንጂ ዘወትር እንደዚያ የጋለ ብረት በቀስታ የሚሸሽ፣ የሚለጠጥ ነገር ነው።

በዚህ ላይ ሙቀት ይመጣል። ቦርዱ የተሠራው ከብርጭቆ ክርና ከሙጫ ነው፤ ሲሞቅ በውፍረቱ በኩል ከመዳብ ሦስት እጥፍ ገደማ ያብጣል። በቦርዱ ውስጥ የሚያልፈው የሪሌ ወይም የሶኬት እግር ግን የመዳብ ዘር ነው፤ የሚያብጠው በራሱ ልክ ነው። ሁለቱ እኩል ስለማይሄዱ መሐል ላይ የተያዘው ሊድ ይጎተታል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨመቃል። በቀን ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የሚቀዘቅዝ መኪና በ20 ዓመት ውስጥ ይህን ከ21 ሺህ ጊዜ በላይ ያደርገዋል። ብረታ ብረት እንዲህ በተደጋጋሚ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከስንት ዙር በኋላ እንደሚሰበር የሚያሰላውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሉዊስ ኮፊንና ሳሙኤል ማንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በየግላቸው ደርሰውበታል፤ የቦርድ አምራቾች ዛሬም የዕቃቸውን ዕድሜ የሚገምቱት በዚያ ላይ ተመሥርተው ነው።

የመንገዱን ንዝረት መርሳት አይገባም። ኮረኮንች ላይ የሚሄድ መኪና ውስጥ ያለ ከባድ ሪሌ በእግሮቹ ላይ ሲወዛወዝ ነው የሚውለው። ስለዚህ ስንጥቅ ሲፈለግ ዐይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ ነው፦ ገመዱ የሚሰካበት ዋናው ሶኬት፣ ሪሌዎች፣ ሙቀት የሚያወጡ ትራንዚስተሮች፣ ጥቅል ሽቦዎች። የሩዝ ፍሬ የማያክሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ቀላል ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ።

ይህ ብልሽት ከመካኒኩ የሚያመልጠው ለምንድን ነው? ቴስተሩ ስለሚያታልለው ነው። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ከረንት እጅግ ጥቂት ነው፤ በስንጥቁ ላይ ሁለት ፀጉር የሚያህል ንክኪ ከቀረ ለእርሱ ይበቃዋል፣ "ደህና ነው" ይላል። የነዳጅ ፓምፕ ግን 5 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። በ12 ቮልት የሚሠራው ይህ ፓምፕ መንገዱ ላይ ግማሽ ኦም የሚሆን መጥፎ ብየዳ ቢያጋጥመው 2 ቮልት ያህል እዚያው ይቀርበታል፤ ያም ኃይል በአንዲት የብየዳ ነጥብ ላይ ከ8 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ የሰፋው ስንጥቅ የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ኦም አይለካም፤ ፓምፑ እየሠራ ሳለ በእግሩና በመዳቡ መስመር መካከል ስንት ቮልት እንደጠፋ ይለካል። ጤነኛ ብየዳ ላይ ንባቡ ለዜሮ የቀረበ ነው።

ቦርዱን ከመክፈት በፊት ግን ውጪውን ማጥራት ግድ ነው። የባትሪ ተርሚናል የላላ፣ የሞተሩ መሬት ገመድ የዛገ፣ ሶኬቱ ውስጥ ውኃ የገባ እንደሆነ መኪናው ልክ ኮምፒውተሩ እንደታመመ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩን ወዲያው የሚወነጅል መካኒክ ካለ በመጀመሪያ የመሬት ገመዶቹን ፈቶ አጽድቶ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ብልሽቱ ከሙቀት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን በመፍቻ የእንጨት እጀታ በቀስታ መታ መታ ማድረግ፣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ነው። ሞተሩ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ፍንጩ ተገኝቷል።

ሳጥኑ ሲፈታ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል ነው። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሬዲዮ ኮድ የሚጠይቅ መኪና ከሆነ ኮዱን አስቀድሞ መያዝ ደግሞ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። ባለሙያው ቦርዱን ከመንካቱ በፊት ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ይነካል፤ ሰው ሳያውቀው በልብሱ የሚሸከመው ኤሌክትሪክ ቺፕ ያበላሻልና።

አሁን ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለሙያው ማጉያ መነጽሩን አጥልቆ የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ስንጥቅ ይደብቃል፣ ከጎን የሚመጣ ግን ጥላ ያስጥለዋል። ጤነኛው ብየዳ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከመዳቡ ተነሥቶ ወደ እግሩ እየጠበበ የሚወጣ ኩርባ አለው። የታመመው ደብዝዟል፣ ግራጫ ነው፣ ላዩ ሻካራ ነው። በእግሩ ዙሪያ ስስ ጥቁር መስመር ይዞራል፤ አንዳንዴ ሙሉ ቀለበት፣ አንዳንዴ ግማሽ። ጥርጣሬ ካለ ሪሌውን በሌላኛው በኩል በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል፤ እግሩ በሊዱ መሐል ብቻውን ሲነቃነቅ በመነጽሩ ይታያል። ብዙ ሰው አንድ ስንጥቅ ሲያገኝ ደስ ብሎት ያቆማል። የሚሻለው ግን በዚያው ቦርድ ላይ ያሉትን ትልልቅ እግሮች ሁሉ ማደስ ነው፤ አንዱን የሰነጠቀው ዕድሜ ለሌሎቹም ደርሷልና።

ጥገናው እንዲህ ነው። ቦርዱ ላይ መከላከያ ቫርኒሽ ተቀብቶ ከሆነ በብየዳው ዙሪያ በአልኮል ወይም በጥንቃቄ በመፋቅ ይነሳል። ሙቀቱ የሚስተካከል የብየዳ ካውያ 350 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደረጋል። ከዚያ ሊዱን በደንብ የሚያስይዘው ፍላክስ ይቀባል። አሮጌው ሊድ ቀልጦ በመምጠጫ ወይም በመዳብ ፈትል ይወጣል፤ ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው ጥገና ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመለሰው። አሮጌው ሊድ ኦክሳይድ ሆኗል፣ በላዩ አዲስ ማንጠባጠብ ስንጥቁን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። ቀጥሎ ካውያው እግሩንና መዳቡን በአንድ ጊዜ ይነካል፣ ሊዱ የሚቀርበው ለካውያው ጫፍ ሳይሆን ለሞቀው እግር ነው፤ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ፈስሶ እስከ ማዶ ድረስ ይሞላዋል። ወፍራም መዳብ ያለበት ቦታ ሙቀት ስለሚጠጣ ጥቂት ሰከንድ መጨመር ያስፈልጋል። አስቸጋሪውን እግር ለመንቀል መታገል ግን አደገኛ ነው፤ ቀጭኑ መዳብ ከቦርዱ ተልጦ ይነሳል።

ስለ ሊዱ ምርጫ አንድ ነገር። የአውሮፓ ኅብረት እርሳስን ከአብዛኛው የቤት ኤሌክትሮኒክስ ያስወጣው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ የተሠራ ቦርድ እርሳስ ያለበት ሊድ ነው የተበየደው ብሎ መነሳት ይቻላል፤ ለእርሱም ያንኑ ዓይነት መጠቀም ነው። እርሳስ የሌለው ሊድ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ስለሆነ ለአሮጌ ቦርድ ሙቀቱ ይበዛበታል። ለቧንቧና ለቆርቆሮ ሥራ የሚሸጠው አሲድ ያለው ፓስታ ግን ወደዚህ ጠረጴዛ መቅረብ የለበትም፤ መዳቡን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ጭሱም ቢሆን ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ መስኮት መክፈት፣ ሥራው ሲያልቅም ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ሁሉም ነገር በካውያ አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ መኪኖች ኮምፒውተር ላይ የሚታወቀው ችግር ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን አፍስሰው የመዳቡን መስመር መብላታቸው ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የዓሣ ሽታ የመሰለ ነገር ካወጣ ወደዚያ መመልከት ነው፤ ካፓሲተሩ ይቀየራል፣ ቦርዱ ይታጠባል። የ1990ዎቹ መጨረሻ አውዲና ፓሳት የኤቢኤስ ሳጥኖች፣ ማለትም የፍሬን መቆጣጠሪያዎች፣ ደግሞ በውስጣቸው ሊድ ያልነካቸው ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ የአሉሚኒየም ሽቦዎች አሏቸው። የሚለቁት እነሱ ናቸው፤ በልዩ ማሽን እንጂ በካውያ አይመለሱም። ሴራሚክ ላይ የተሠራና ብረት ላይ የተለጠፈ ቦርድም እንዲሁ ለተራ ካውያ አይበገርም።

የቮልቮ 850ና የተከታዩ የኤስ 70 የኤቢኤስ ሳጥን ግን ለካውያ እሺ ከሚሉት ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ሙቀት ላይ የተቀመጠ ነው፤ የኤቢኤስ መብራት ሲሞቅ ይበራል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፤ ክዳኑ ተቆርጦ ሲከፈት የሶኬቱ እግሮች ብየዳ ተሰንጥቆ ይገኛል። ሆኖም ይህ ፍሬን ነው። ፍሬንና ኤርባግ የሚመራ ሳጥን ሙያውን በደንብ ላልያዘ ሰው የልምምድ ዕቃ መሆን የለበትም፤ የኤርባጉን ሳጥን እንዲያውም ከነአካቴው መተው ይሻላል።

እኛ አገር ይህ ጉዳይ ከበፊቱ የበለጠ ክብደት እያገኘ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ለማስገባት ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለው ኮሮላና ቪትዝ እንግዲህ ለረጅም ጊዜ መኖሩ ነው፤ ቦርዱም አብሮት ያረጃል። መለዋወጫ ገበያ ሄዶ ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛት አንድ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና ቁልፉን የሚያውቀው በራሱ ኮምፒውተር በኩል ስለሆነ፣ ከሌላ መኪና የመጣው ካልተስተካከለ ሞተሩን አያስነሳም። የተገዛውም ሳጥን ቢሆን ያንኑ ያህል ዓመት ሞቆ የቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ፣ እጁ የረጋ ሰው ለባለመኪና ከዕቃ ሻጩ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል፤ ችግሩ መካኒኩና የሬዲዮ ጠጋኙ እምብዛም አለመገናኘታቸው ነው። ጥሩ ጋራዥ ሁለቱን ያገናኛል።

ሥራው ሲያልቅ ቦርዱ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሁለት እግሮችን ያያያዘ የሊድ ጠብታ እንዳይኖር በመነጽር ይታያል፣ ቫርኒሹ ይመለሳል። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ፈተናው ቀድሞ ባስቸገረው ሁኔታ ነው የሚደረገው፤ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ መኪናው በቀትር ፀሐይ ይቆማል፣ ከዚያ ይነሳል። ጠዋት በብርድ ተነሣ ብሎ ማስረከብ ምንም አያረጋግጥም። ባለቤቱ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይችላል፦ የዚያው ብየዳ ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ከመነካቱ በፊት፣ አንዱ በኋላ። ዛሬ የማንም ሰው ስልክ ያንን ቀለበት አጉልቶ ማንሳት ይችላል።